የመቱው ቤቴ ምሰሶ

ሰኞ፣ ጎሬ

ምሰሶው ነዷል አሉ። የመቱው ቤቴ ጎረቤት እትዬ ዘነበች በገበያተኛ ላኩብኝ፤ ተከራይህ ቤት ውስጥ ሰም ሲያቀልጥ ምሰሶውን አቃጠለው፣ ጣሪያው አጋድሏል፣ ቶሎ ድረስ ብለው። ሰማሁ፤ ራቴን በላሁ። መናደድ ነበረብኝ። ባለቤቴ አስካለ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ነኝ። ያረፈችው እዚያ ቤት ነው። እዚያ ማደር ቢያቅተኝ አከራይቼው ልጃችንን ትርንጎን ይዤ ጎሬ ገባሁ። አሁን ደግሞ የምኖርበትን የመሥሪያ ቤት ቤት ለአዲሱ ጸሐፊ ልቀቅ ተብያለሁ። ክረምት ሳይገባ ከመቱው ቤት ሌላ መግቢያ የለንም።

ማክሰኞ፣ መቱ

ቀኑን በበቅሎ ላይ ዋልኩ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ምሰሶው እስከ ወገቡ ከሰል ሆኗል። ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል፣ ወለሉ ላይ ሰም ፈሶ ደርቋል። የጣሪያው ሳር በአንድ በኩል ወርዶ ሰማይ ይታያል።

ተከራዬ ንጉሤ ከጎጃም የመጣ የሰም ነጋዴ ነው። «ዝናብ ቢይዘኝ እሳቱን ወደ ውስጥ አስገባሁት» አለ። «በሕግ አምላክ» አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። መንገደኞች እንደ ሥርዓቱ እንዳንለያይ የኩታችንን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ወደ ዳኛ ሰደዱን። መንገድ ላይ እሾህ ወግቶኝ ብቀመጥ እሱም አብሮኝ ተቀመጠ። ምን ያድርግ።

ረቡዕ

ተፈረደልኝ። ምሰሶውን ተክሎ፣ ሳሩን አልብሶ ይመልስ ተባለ። ዋስ ጥራ ሲሉት ግን የሚጠራው ዘመድ የለውም። ነጋዴ ጓደኞቹ መሬት መሬት አዩ። ዋስ ካጣ ይታሰራል፤ እሱ ከታሰረ ማን ይሠራልኛል?

ዋሱ እኔ ነኝ አልኩ።

ሰዉ ሳቀ። ዳኛው «ከሳሹ አንተ አይደለህም እንዴ? ቢጠፋ በእሱ ፋንታ የምትገባው አንተ ነህ» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ስወጣ እትዬ ዘነበች ያዙኝ። «አብደሃል ልጄ? ያችን ሕፃን ለማን ልትጥላት ነው?» እውነቱን ለመናገር፣ ብታሰርም ባልታሰርም ያው መስሎኝ ነበር።

ዓርብ

ንጉሤ እንጨት ላስቆርጥ ብሎ ትናንት በማለዳ ወደ ሶር ጫካ ወጣ። ማታ እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ አልተመለሰም። አንዱ ነጋዴ በቅሎውን እየነዳ ወደ አገሩ በሚያወጣው በያዮ መንገድ ሲሄድ አየሁት ይላል። ትርንጎን ከጎሬ ጎረቤቶቻችን ዘንድ እንዲያመጧት ረቡዕ ማታ ልኬ ነበር፤ ዛሬ ደረሰች። እትዬ ዘነበች ዘንድ ትሁን፤ የሚመጣው አይታወቅም። ልጅቱ ለምን እንደመጣች አልጠየቀችኝም።

ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። የዳኛው ጭፍራ መጥቶ ሰውዬህ የት አለ አለኝ። አላውቅም አልኩ። እስከ ሰኞ ካልመጣ ተዘጋጅ ብሎኝ ሄደ። ለትርንጎ ልነግራት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ እሷው ከደጅ በለመደችው ኦሮምኛ «ዱፌራ!» አለችና «አባዬ፣ መጥቷል» ብላ ደገመችልኝ። ወጣሁ። ንጉሤ ራሱ ከፊት ሆኖ፣ ሰዎች አንድ ትልቅ የወይራ ግንድ በትከሻቸው ተሸክመው ጭቃውን ይወጣሉ።

«በቅሎህስ?» አልኩት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«ያዮ ወስጄ ሸጥኳት ጋሼ። በዋጋዋ ሰው ባልቀጥር ይህን ማን ይሸከምልኛል?»

ይህን ሲል ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ትርንጎ ሮጣ መጥታ እጄን ያዘች። ለካ ይህን ሁሉ ቀን ፈርቼ ኖሯል።