ከኋላ የመጣው ከበሮ

ሰኞ

«ሰይድ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ያለን ሁለት ጆሮ፤ አምስት ስፒከር ምን ይሠራልናል?» አለችኝ ለተብርሃን። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካፌ አላት። ጓዳውን የሙዚቃ ማዳመጫ ክፍል እናድርግልሽ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት። «ተማሪው ዘፈን የሚሰማው በስልኩ ነው፤ ያውም አንዱን ማዳመጫ ለጓደኛው ሰጥቶ» አለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን ሰውን ዙሪያውን ስለሚከብ ድምፅ፣ ስለጠራ ቅጂ፣ ነገ ሁሉም ይህን ነው የሚፈልገው እያልኩ ደሰኮርኩ። የስቱዲዮ ባልደረባዬ ሓጎስ መሬት መሬት ያይ ነበር። ረቡዕ ስቱዲዮ መጥታ ልትሰማ ተስማማች።

ማክሰኞ

ምን እናሰማት? የውጭ አገር ቅጂዎቹ ያምራሉ፤ ግን ልቧን አይነኩም። በዚህ ዓይነት የቀዳነው የአገር ሙዚቃ አንድ ብቻ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት፣ ተጫዋቾቹን በማይክራፎኑ ዙሪያ አቁመን። ከበሮ መቺው ኪሮስ ከኋላ ነበር። ከጦርነቱ አልተመለሰም።

ሓጎስ «መጀመሪያ እናቱን እንጠይቅ» አለ። «ለሙከራ እኮ ነው» አልኩት። የሚኖሩበት ዓይናለም ሰፈር ርቆብኝ አይደለም፤ እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ይባስ ብዬ ለተብርሃንን ለማጓጓት ደወልኩና የማን ከበሮ እንደሆነ ነገርኳት።

የግራው የኋላ ስፒከር ይንኮሻኮሻል። መብራት ደግሞ እንዳይጠፋ።

ረቡዕ

ለተብርሃን ብቻዋን አልመጣችም። የኪሮስን እናት ኣደይ ምሕረትን ይዛ መጣች። ለካ ዓይናለም ጎረቤታሞች ናቸው። ደስ ይላቸዋል ብላ ነው።

መሃል ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ድምፁ ልክ የሚሆነው እዚያ ብቻ ነው። ክራሩ ከፊት ጀመረ። ከዚያ ከበሮው ከኋላቸው ገባ። ኣደይ ዞሩ። «ኪሮስ ወደይ? ልጄ?» አሉ። ያለው ጥቁር ሳጥን ነው። ሙዚቃው እስኪያልቅ ወደ ሳጥኑ እንደዞሩ ቀሩ።

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። በዚያች ሰዓት የማየው እሳቸውን አልነበረም። የለተብርሃንን ፊት ነበር፤ ልቧ ተነክቶ እንደሆነ ለማወቅ።

ሐሙስ

ለተብርሃን ደወለች። «አሁን ገባኝ፤ ክፍሉን አሠራዋለሁ። ያቺን ሙዚቃ ግን ለካፌው ትሰጠኛለህ።» ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቃል! ሓጎስ እንኳን ደስ ያለን አላለም። ምሳም አልበላሁ።

ዓርብ

ዓይናለም ሄድኩ። ኣደይ ምሕረት ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። «ሳልጠይቅዎት ነው ያሰማሁት፤ ለገበያዬ ፈልጌው ነው» አልኳቸው። አንድ ጠጠር ለቅመው ጣሉ። «ሰው ሻይ እየጠጣ አይስማው» አሉ። «ለእኔ ግን ስልኬ ላይ ጫንልኝ።»

ስልክ ላይ ከሆነ ከበሮው ከኋላ አይመጣም፣ ሁሉም ከፊት ነው የሚሰማው አልኳቸው። እዚያም ሆኜ ስለ ድምፅ ጥራት አወራለሁ!

«ከፊት ይምጣ» አሉ። «ከኋላ ሲመጣ ዞር እላለሁ፤ የለም።»

ቅዳሜ

ሙዚቃውን እንደማልሰጣት ለለተብርሃን ነገርኳት። «እንግዲያ ላስብበት» አለች። አታስብበትም። ሓጎስ ግን ጠዋቱን ሙሉ አብሮኝ ቁጭ አለ፤ ቅጂውን ለስልክ አስተካከልን።

ከሰዓት በኋላ ወስጄ ጫንኩላቸው። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ሲያልቅ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ልነሳ ስል «ቁጭ በል፣ ወዴት ነው?» አሉ። ቁጭ አልኩ። ይቅር ብለውኝ ይሁን አላውቅም። ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም።