ስለ ሞተሩ ክዳንና እርስዎ ስለ ሰጡት ቃል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለመሪጌታ ወልደ ሰንበት፤ ሐረር።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ? ባለፈው ክረምት ማኅሌት ቆሞ ማደር አቃተኝ ብለው ጽፈውልኝ ነበርና ሐሳቡ ከልቤ አልወጣም። እትዬ ወለተ ሥላሴስ እንደምን ናቸው? ልጅዎ በሰለችስ? እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲነጋም እነሣለሁ። የልጄ ሚስት ንጋቷም ደህና ናት፤ አንድ ቤት ነን።

ደብዳቤዎ ከጥምቀት ወዲህ ደረሰኝ። አባታችን እርስዎን ፊደል ሲያስቆጥሩ እኔ ጥግ ይዤ ቀለም እየበጠበጥሁ በሰማሁት ነውና የማነበው፣ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለሰው ግን አላስነበብሁም። ልጅሽን እግዚአብሔር ወሰደው፣ የወፍጮው ሞተርም ተበላሽቷል፣ እንግዲህ ለአቶ ወልደአረጋይ ስጪውና አንቺ ቆብ ጭነሽ ገዳም ግቢ ብለዋል። ለእሳቸውም ቃል ሰጥቻለሁ ብለዋል። ጋሼ፣ አልሰጥም። ቆቡንም አሁን አልጭንም። ታላቄ ነዎትና በአፌ መልሼልዎት አላውቅም፤ ዛሬ በወረቀት ልመልስ ነውና ተቀምጠው ያንብቡኝ።

ሞተሩ እንዴት እንደ ተበላሸ ያልነገርሁዎት ነገር አለ። ልጄ ብርሃነ መስቀል ወደ አሊዩ አምባ ወርዶ፣ ንዳድ ይዞት ተመልሶ፣ በስምንት ቀኑ ሲሞትብኝ ወፍጮው ቆመ። የአርባው ተዝካር ሲደርስ ንጋቷ አስነሣችው፤ ማስነሣቱን ባሏ አስተምሯት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ለተዝካሩ የሚሆን እህል ተሸክሞ መጣ። ሞተሩ ያን ድምፁን ሲያሰማ ልጄ ጓሮ ያለ መሰለኝ። ከቀትር በኋላ ንጋቷ መጥታ፣ "እማዬ፣ ሞተሩን የሚያበርደው የበርሜሉ ውሃ ጎድሏል፣ እንፋሎት እየወጣ ነው፤ እናቁመው" አለችኝ። አታቁሚ አልኋት። ተመልሳ መጣች። "የልጄ ዱቄት ሳያልቅ ማን አባቱ ያቆመዋል!" ብዬ ጮኽሁባት። ምን ታድርግ? ሊመሽ ሲል ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ ራሱ ቆመ። ያቃጠልሁት እኔ ነኝ። ሰው ግን ንጋቷን ያማል፤ እርስዎም በደብዳቤዎ "ሴት ነክታው" ብለዋል። ሴትስ ነክታዋለች፤ ያችኛዋ አይደለችም እንጂ።

ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ጓርኒሲዮን የሚሉትን፣ በሞተሩና በክዳኑ መካከል የሚገባውን ስስ ልባስ፣ ቀየረው። ግማሽ ቀን ፈጭቶ የበርሜሉ ውሃ ጭስ እየተፋ ይንተከተክ ጀመር። እንደገና ተቀየረ፣ እንደገና ተቃጠለ። አቶ ወልደአረጋይ፣ ደብረ ብርሃን ሁለት ወፍጮ ያላቸው ሰውዬ፣ ሊያጽናኑኝ መጥተው፣ "ወይዘሮ ወለተሐና፣ ሞተርም እንደ ሰው ነው፤ ነፍሱ ከወጣች ወጣች። ብረቱን እኔ ላንሣልሽ" አሉኝ። ለለቅሶ መጡ ብዬ ወንበር የሰጠኋቸው ሰው!

እኔም የእርስዎን ደብዳቤ ባነበብሁ በሳምንቱ ክዳኑን አስፈትቼ፣ በበቅሎ ጭኜ፣ ደብረ ብርሃን አበባው ዘንድ ሄድሁ። አበባው ብርሃነ መስቀልን ያስተማረው መካኒክ ነው። ቀጥ ያለ ብረት በጠርዙ ክዳኑ ላይ አቆመና ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ "ይዩት እማማ" አለኝ። ከብረቱ ሥር፣ መካከሉ ላይ፣ ከጥፍር የሳሳ ብርሃን ያልፋል። ሙቀቱ ክዳኑን አጉብጦታል። እሱ ካልተስተካከለ አሥር ጓርኒሲዮን ቢቀያየር እሳቱና ውሃው በዚያች ክፍተት መገናኘታቸው አይቀርም። ብረት ልጎ የሚያስተካክለው መኪና አዲስ አበባ ነው፣ ወረፋውም ከፋሲካ ያልፋል አለኝ። በእጅ አይሆንም ወይ አልሁት። "ይሆናል፤ ክንድ ይፈልጋል" አለ። እሱንስ አላጣሁም አልሁት።

ጋሼ፣ ሥራው እንዲህ ነው። አበባው እንደ ረጋ ውሃ የተስተካከለ ወፍራም የብረት ሰሌዳ አለው። ሰሌዳውን ቀለም ይቀባና ክዳኑን በፊቱ ደፍቶ ያነሣዋል፤ ቀለም የነካው ቦታ ከፍ ያለው ነውና እሱ ይፋቃል። ቀለሙ አልቆበት ነበር። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቄ በዘይት በጠበጥሁለት፤ ከገዛሁት ይሻላል ብሎ ወደደው። አባታችን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? የድንጋይ ወፍጮ ስወቅር የኖርሁ ሴት ነኝና ከፍታው የት እንዳለ መዳፌ ያውቃል። እሱ በስለት ይፍቃል፤ እኔ ደግሞ ብረት የሚበላውን ሸካራ ወረቀት ሰሌዳው ላይ አንጥፌ ክዳኑን ወዲያና ወዲህ እገፋለሁ። "ባንድ ወገን አይጫኑ፤ አሁን ያዙሩት" ይለኛል። በመጀመሪያው ቀን ጥቁሩ ዳር ዳሩን ብቻ ነካ። በሦስተኛው ቀን መካከሉም ነቁጥ ነቁጥ አለበት።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በደጅ ሲያልፍ አይቶኝ፣ "እማማ፣ ዱቄቱ መቼ ይደርሳል?" ብሎ አላገጠ። "አንተ ጥርስህን አዘጋጅ፤ ትንሽ ጠንከር ይላል" አልሁት። አበባው ስለቱን ጥሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ ጋሼ። ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።

አበባው አብሮኝ አንኮበር መጥቶ ክዳኑን ገጠመው። ብሎኖቹን አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ፣ ጥቂት በጥቂት ነው የሚያጠብቀው። ገና ሳይጨርስ አቶ ወልደአረጋይ ሁለት በቅሎና ገመድ ይዘው መጡ። "መሪጌታ ፈቅደዋል" አሉ። "እስኪነሣ ይቀመጡ" አልኋቸው። ንጋቷ አስነሣችው። እኔ ከበርሜሉ አጠገብ ቆሜ ዓይኔን ከውሃው ላይ አልነቀልሁም። አንድ እንኳ አረፋ አልወጣም። ስንዴ ጨመርንበት፤ ውሃው ዝም። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ንጋቷ ቀና ብላ አየችኝ። አቁሚው አልኋት። ዝምታው ልቤን በላኝ፤ ግን ቻልሁት። አበባው በሙቀቱ የላሉትን ብሎኖች ዳግመኛ አጠበቀ። አቶ ወልደአረጋይ "ነገ ይቃጠላል" አሉ። "ነገ መጥተው ይዩት፤ ባዶ እጅዎን እንዳይመጡ እንጂ፣ እህል ይዘው ይምጡ" አልኋቸው። ይኸው አራተኛ ሳምንቱ ነው፣ ይፈጫል።

አሁን የቀረው የእርስዎ ቃል ነው። ሞተሩ ሲገዛ ልጁ ገና ነው ተብሎ ወረቀቱ በእርስዎ ስም ስለወጣ፣ ሰውዬው ከፋሲካ በኋላ ያን ቃል ይዤ ዳኛ ፊት እቀርባለሁ ይላሉ። ስለዚህ ቃሌን አንሥቻለሁ፣ ሞተሩም የወለተሐናና የንጋቷ ነው ብለው በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ። ካልላኩ የምከሰው እሳቸውን ሳይሆን እርስዎን ነው። እኅት ወንድሟን ከሰሰች ይበሉኝ።

እትዬ ወለተ ሥላሴን እጅ ነሥታለች ይበሉልኝ። በሰለችን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ፊደሉን እንዳትተው ይንገሯት። ንጋቷ ሰላም ትልዎታለች፤ አበባውም እንዲሁ።

ለክሱ የመጡ እንደሆነ ግን ሌላ ሰው ቤት አድራለሁ እንዳይሉኝ። አልጋዎን እኔ ቤት አነጥፋለሁ። ማታ አብረን በልተን፣ ጠዋት አብረን ወደ ዳኛው እንሄዳለን።

እኅትዎ ወለተሐና
አንኮበር፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.