የግራ ቅንድብ ጠባሳ

ቶሮንቶ፣ የካቲት 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ያ ብርድ የገባበት ትከሻሽ ተሻለው ወይ? ደሴ በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት ምን ያህል እንደሚበርድ አልረሳሁምና ካልሲሽን ሳታደርጊ ቤተ ክርስቲያን እንዳትሄጂ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰፈሬ ክሬሰንት ታውን በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል፣ የፎቃችን ሊፍትም እንደ ልማዱ ተበላሽቷል፤ ከዚህ በቀር ጤና ነኝ።

ወረቀት የያዝኩት በስልክ ልነግርሽ የማልችለው ነገር ስላለ ነው። በስልክ አንቺ ቶሎ ወሬ ትቀይሪያለሽ፣ እኔም ድምፅሽን ስሰማ እሸነፋለሁ። ጸሐይወርቅ ስታነብልሽ ሁሉንም ታንብብ። እኅቴን አውቃታለሁ፤ ያልጣማትን መስመር ትዘላለች።

ለጎረቤት «ልጄ ኮሌጅ ታስተምራለች» እያልሽ እንደምትኮሪ ሰምቻለሁ። ምን እንደማስተምር ግን አንድም ቀን ገብቶሽ አያውቅም፤ አልፈርድብሽም። የኅትመት ሥዕል ነው። የዚንክ ሰሌዳ ላይ በመርፌ እንጭራለን፣ ጭረቱን በአሲድ እናስበላለን፣ ውስጡን ቀለም እንሞላለን፤ ከዚያ እርጥብ ወረቀት አልብሰን በከባድ የብረት ማተሚያ ሥር እናሳልፈዋለን። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ሁሉ ግራና ቀኙ የተገላበጠ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስተምራቸው በመስታወት እያዩ ገልብጦ መሳልን ነው። ይህን የረሳ ሰው የሣለው ፊት ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣበታል።

እኔ ራሴ ረስቼ ያፈርኩበትን መቼም ታስታውሻለሽ። አምና የአባባን ፊት ከፎቶ ስስል በጥድፊያ ሳልገለብጠው ቀረሁና፣ ጣሪያ ሲጠግኑ ቆርቆሮ የቀደደው የግራ ቅንድባቸው ጠባሳ በቀኝ ወጣ። ልኬላቸው ያዩት ቀን ሳቃቸው ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ይኼ ሰውዬ ዘመዴ ይሆናል እንጂ እኔ አይደለሁም፣ የእኔ ጠባሳ በግራ ነው፣ መምህርት ተብለሽ ግራና ቀኝ አታውቂም እንዴ አሉኝ። ተናድጄ ሰሌዳውን ፋቅሁ፣ አለስልሼ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት።

ከኅዳር ወዲህ ግን ያን ሳቅ አልሰማሁም። ለገና ስደውል ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል አልሽኝ። ለጥምቀት ስደውል ተኝተዋል አልሽኝ። አባባ ታቦት ወጥቶ እሳቸው የሚተኙት ከመቼ ወዲህ ነው? ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶታል ተባልኩ። ሁለታችሁም አንድ ላይ ፎቶ ተነሥታችሁ ላኩልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ጸሐይወርቅ በቫይበር የላከችልኝ ያንቺን ብቻ ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ፈገግ ለማለት ስትታገይ።

ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ አሠራሩን ላሳይ ብዬ ያን ፎቶ መረጥኩ። አዲስ ዚንክ አልቆብን ስለነበር የአባባን የተፋቀ ሰሌዳ ከመሳቢያ አወጣሁ። ፎቶውን በመስታወት እያየሁ ስጭር፣ መርፌው የነጠላሽ ጥለት ላይ ሲደርስ እጄ ቆመ። ሰው የለመደውን ፊት በደንብ የሚያየው ሲገለበጥበት ነው። ጥለቱ ታች መሆን ሲገባው አንገትሽ ሥር ነበር። አንቺ ለለቅሶ ካልሆነ እንዲህ ለብሰሽ አታውቂም። ጎረቤት ሞቶ ይሆናል፣ ከቀብር ስትመለሺ ጸሐይወርቅ ያነሣችሽ ፎቶ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁና ጭረቴን ቀጠልኩ።

አተምነው። ደኅና አድርገሽ ወጣሽ። አንዴ ከተቀባ ቀለም ሁለት ጊዜ ማተም ይቻላል፤ ሁለተኛዋ ፈዛዛ ናት፣ እዚህ «ጎስት» ይሏታል፣ የሙት መንፈስ እንደማለት። እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ክፍሉ ይስቃል። ናኦሚ የምትባል ተማሪ አለችኝ። ወላጆቿ ያገራችን ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ቶሮንቶ ሪጀንት ፓርክ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ እንደ ሌሎቹም በስሜ የምትጠራኝ ናት። አንቺ ብትሰሚ ጆሮዋን ትቆነጥጫት ነበር። ሁለተኛዋን ያተመችው እሷ ናት። ወረቀቱን ገልጣ ጥቂት አየችና፣ ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ።

አንቺ ፈዘሻል። ከትከሻሽ ኋላ አባባ ቆመዋል።

የተፋቀ ሥዕል ርዝራዥ ሊተው እንደሚችል አስረዳኋቸው፤ እውነትም ይተዋል። ናኦሚ አላመነችኝም መሰል፣ ቀለም ሳትጨምር ሦስተኛ አተመች። ባዶ ሊሆን ምንም ያልቀረው ወረቀት መውጣት ነበረበት። አንቺ ጨርሰሽ ጠፍተሻል። እሳቸው ግን ገና አሁን ቀለም የተቀቡ ይመስል ጠቁረው፣ ፊት ለፊት እያዩኝ ወጡ። የሳቀ ሰው የለም። ሰሌዳውን በዘይት አጥቤ በጣቴ ዳሰስኩት፤ አንቺ ካለሽበት በቀር ልስልስ ነው፣ አንድም ጭረት የለበትም። ፈራሁ እማዬ። የገዛ አባቴን ፈራሁ።

ከዚያ ወረቀቱን መስኮት ጋ ወስጄ ቅንድባቸውን አየሁ። የአምናው ርዝራዥ ቢሆን ኖሮ ጠባሳው በቀኝ ይሆን ነበር። በግራ ነው።

ምን ሆኜ እንደታየኋት አላውቅም፣ ናኦሚ እጄን ይዛ በአማርኛ አይዞሽ አለችኝ። ከእሷ አፍ አማርኛ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ትናንት ደግሞ ያገራችንን ሰው ሁሉ እዚህ የሚያሰባስቡት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ እሸቱ ደወሉ። ቅዳሜ ከሥራ ኦፍ ነሽ ወይ አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። እንግዲያው ማልደን ብቅ እንላለን፣ እነ ወይዘሮ ወለተማርያምም አብረውኝ አሉ፣ እንዲያው ናፍቀሽን ነው አሉ። በዚህ በረዶ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እኔን የናፈቀው! ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእናንተን ቀለም አወጣው።

አልተቀየምኩሽም። ደጋፊ በሌለበት ብቻዋን ሰምታ እንዳትወድቅ ብለሽ ነው። ግን ስልኩ በጠራ ቁጥር እንባሽን ጠርገሽ ድምፅሽን ስታስተካክዪ ከርመሻል። እኔን ማን ይደግፋት ብለሽ ስታስቢ፣ አንቺን ማን ደገፈሽ?

ቅዳሜ ሲያንኳኩ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ እከፍትላቸዋለሁ። ያን ያህል ተጨንቀው መጥተው ማፈር የለባቸውም። ወንበሮቹን ግን ከአሁኑ ወደ ግድግዳ አስጠግቻለሁ። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ቅዳሜ አልፏል፤ ከእንግዲህ ስደውል እንደመጣልሽ ሆነሽ አንሺው።

ጸሐይወርቅን ሳሚልኝ። አምላክ ጉልበትሽን ያጽናው፣ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ፣ ፊትሽን በዓይነ ሥጋ ለማየት ያብቃኝ። ለአባባ ሰላምታ አልጻፍኩም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እሳቸው ጎራ ስትዪ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ ጠባሳው በግራ ወጥቷል በያቸው።

ግራና ቀኝ የማታውቀው ልጅሽ