አሥራ አንድ ጎደሎ አፍንጫዎች

በኔታንያ ገበያ፣ ከወይራ ሻጩ ፊት ለፊት፣ ዓይኔ እንደ ጠፋ ሲወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ብዙዓየሁ አርጅታለች፤ የምትቀባቸው ወታደሮች አፍንጫ የላቸውም» ይባላል። ይህ ሐሰት ነው። ባለፈው ሳምንት በጤና መድን ክሊኒካችን፣ በቁፓት ሖሊም፣ የዓይን ሐኪሙ የፊደል ሰሌዳውን የመጨረሻ መስመር አስነብቦኛል፤ ከሥሯ የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን ስምም ሳልጠየቅ አንብቤለታለሁ።

እንግዲህ እኔ ብዙዓየሁ አምባቸው፣ የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ ዛሬ ረቡዕ ኖቬምበር 14 ቀን 2007፣ ከስግድ በዓል በኋላ በስድስተኛው ቀን፣ አእምሮዬ ሳይዛባ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ፣ ማንም ሳይገፋፋኝ የሚከተለውን እናገራለሁ። ሰኞ ልቤን ለቀዶ ጥገና ይከፍቱታል። ልጄ ሽሙኤል ቃሌን ይጽፋል፤ እሑድ ጠበቃው ይገለብጠዋል። ምስክሮቼ ጎረቤቴ አቶ ዘበነና በቤት ሥራ የምታግዘኝ ኤሊሸቫ ናቸው። አቶ ዘበነን የመረጥኳቸው ወሬውን ያሠራጩት እሳቸው ናቸው ብዬ ስለምጠረጥር ነው፤ ሰው የፈረመበትን ነገር አጣሞ ማውራት ይከብደዋል። ልጄ ኤስቲም ተገኝታለች፤ ቦርሳዋን ከጉልበቷ ላይ አላወረደችም።

አንደኛ፣ ቤቱ ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን። ኤስቲ ኢር ያሚም በሚባለው ሰፈር ባለው ፎቋ አብሬያት እንድኖር ስትለምነኝ ሁለት ዓመት ሆናት። ከመስኮቱ ባሕር ይታያል ትላለች። እኔ ግን ልጅ እናቱን ከቤቷ ለማስወጣት ሲቸኩል ምክንያቱን እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ለኤሊሸቫ ምስክር ስለሆነች በኑዛዜ ምንም አልተውኩላትም። ፎጣዎቼን ግን ትናንት በእጇ ሰጥቻታለሁ፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ የምታጥፍ ሌላ ሰው በዚህ አገር አላየሁም።

ሦስተኛ፣ የሥራ ዕቃዎቼ። ሊኦር በሚባል ሰው መደብር ሰባት ዓመት ወለል ወልውያለሁ። እዚያ ትልልቅ ሰዎች ገበታ ከበው አውራ ጣት በሚያህሉ አሻንጉሊት ወታደሮች ጦርነት ይጫወታሉ። አንድ ቀን የአንዱ ወታደር ዓይን ተንጋዶ ባየሁ ጊዜ መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ ስሕተቱን ለሊኦር ነገርኩት። ብሩሽ ሰጠኝ። አሥመራ ስማር መስመር ያጣመመ ጣቱን በማስመሪያ ይመታ ነበር፤ ስለዚህ አልተቸገርኩም። መደቡን ቀለም በሚነፋው መርጫ፣ በኤርብራሽ፣ እረጫለሁ፤ ቀለሙ እንደ ወተት ካልቀጠነ መርፌውን ይደፍነዋል። ፊትን በብሩሽ እሠራለሁ። ዓይን የመጨረሻ ነው።

ከወር በፊት አርባ ወታደሮች ጨርሼ ሐሙስ በሣጥን አሸግኩ፤ እሑድ ሊኦር ወሰደ። በሳምንቱ ሠራዊቱን እንዳለ መለሰልኝ፤ ያዘዘው ሰው አልፈልግም ብሏልና አርባውም የእኔ ሆኑ። አሥራ አንዱ አፍንጫ የላቸውም። ሊኦር በለሰለሰ ድምፅ እንዳርፍ መከረኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ሥራ አልሰጠኝም። በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። ቁስሉ ላይ ቀለም የለም። ሣጥኑንም ያዘዘው ሰው እንደ ታሸገ ነው የከፈተው። ስለዚህ የተቆረጡት ከተቀቡ በኋላ፣ በቤቴ ውስጥ ነው።

የቤቴ ቁልፍ የነበራቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። የኤስቲን ከሦስት ሳምንት በፊት ተቀበልኳት፤ ደረጃው ላይ አልቅሳ ሄደች። ኤሊሸቫ አቧራ ከማራገፏ በፊትና በኋላ ወታደሮቹን እቆጥር ነበር። «እማማ፣ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ እኔም ቁጥር ልማር» አለችኝ። በዚህም አልሳቅሁም። ስለዚህ ኤርብራሹን ከነኮምፕሬሰሩ፣ ብሩሾቼንና አርባውን ወታደሮች ለሽሙኤል ሰጥቻለሁ፤ ከሦስቱ ያልጠረጠርኩት እሱን ብቻ ነውና።

እዚህ ላይ ሽሙኤል ብዕሩን አስቀመጠ። ጻፍ አልኩት።

«እማየ፣ ይህን አልጽፍም» አለ። «የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ።»

አቶ ዘበነ ሳል ያዛቸው። ሽሙኤል ሙሉ የሰው ምስል በቤት ማኖር እንደማይገባ፣ አካሉ ከጎደለ ግን ምስል እንደማይባል በምኩራብ ሰምቶ ኖሯል። ባሸግኩ ማግስት፣ ዓርብ፣ እኔ ገበያ ሳለሁ ሣጥኑን ከፈተ፤ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ኮቴዬን በደረጃው ሰምቶ መልሶ አሸገው።

«ልብሽን ሊከፍቱት ነው» አለኝ። «ከእነሱ ጋር አንድ ቤት ውስጥ መተኛትሽን ፈራሁ። ብነግርሽስ ትሰሚኝ ነበር?»

አልሰማህም ነበር አልኩት፤ እውነት ነው። በምን እንደ ቆረጣቸው ጠየቅሁት። በጥፍር መቁረጫ ነው አለ። ስል የሥራ ቢላዬ እኮ እዚያው በመሳቢያው ውስጥ ነበር። የተናገርነውን ሁሉ በገዛ እጁ እንዲጽፍ አዘዝኩት፤ ጽፎታል።

ኤስቲ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ «እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንጀለኛ ነበርኩ» አለች። ቁልፏን ከቀሚሴ ኪስ አውጥቼ ሰጠኋት።

ስለዚህ ሦስተኛውን አርሜዋለሁ። የሥራ ዕቃዎቼ ሁሉ ለኤስቲ ይሁኑ። ብሩሽ የምትይዘው እንደ ማንኪያ ነው፤ ዕድሜ ከተሰጠኝ አስተምራታለሁ። ሽሙኤል ከቤቱ ድርሻ አይጎድልበትም፤ ፈርቶልኛልና በዚህ አይቀጣም። ደብቆኛልና ግን ለሊኦር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ራሱ ይናገራል። ለሁለታችሁም ምክሬ ይህ ነው፦ የምትፈሩልኝን ንገሩኝ። አልጠረጥርም ብዬ ግን ቃል አልሰጥም።

ይህ ጽሑፍ በምስክሮቼ ፊት ተነበበልኝ። ሽሙኤል የሳታቸውን ሁለት ፊደላት አርሜ ፈርሜያለሁ።

ብዙዓየሁ አምባቸው (ፊርማ)
ምስክር ዘበነ (ፊርማ፤ ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ)
ምስክር ኤሊሸቫ (ፊርማ)

ነገ ሐሙስ ከሁሉ አስቀድሜ ከሽሙኤል ጋር ወደ ምኩራባችን ራቢ እሄዳለሁ። አፍንጫ ያለው አንድ፣ የሌለው አንድ ወታደር በመሐረብ ጠቅልዬ እይዛለሁ። ጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ሽሙኤል አጣሞ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሊኦር መደብር ሲከፈት በሩ ላይ እንገኛለን። ተመልሼ፣ ራቢው ከፈቀዱ፣ አሥራ አንዱን አፍንጫ እጠግናለሁ። ካልፈቀዱ የቀሩትን ሃያ ዘጠኝ እኔው እቆርጣለሁ፤ በስል ቢላዬ፣ ሁሉንም እኩል።