ባንዲራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ልጄ ሐዲስ፣ ዘንድሮ በጥምቀት ሰባ አንድ ዓመት ሞላኝ። ውኃዬን ከቦኖ ራሴ እቀዳለሁ፤ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፤ ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። ባለፈው ወር ነፋስ የገለጠውን የጣሪያ ቆርቆሮ መሰላል ላይ ወጥቼ መታሁት። እናትህ ካረፈች ወዲህ ወጤንም የምሠራው ራሴ ነኝ፤ ጨው ይበዛዋል የሚል ካለ መጥቶ ይቅመስና ይናገር። ይህንንም ደብዳቤ ገበያ ዳር ለሚቀመጠው ጸሐፊ ነግሬ ያስጻፍኩት እንዳይመስልህ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ፊደሉ ቢንጋደድም ቃሉ የኔ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወገብህን ይይዝህ የነበረው ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ዘርፉ እንዴት ናት? ትንሿ ሸዋወርቅስ የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? እኔ አምላክ ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም። ሰላምታዬን እንዲህ ያበዛሁት ተቀምጬ ስለምጽፍ ነው። እየተራመዱ ሰላምታ ማብዛት ምን እንደሚያመጣ ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ናዝሬት ያው እንደምታውቃት ናት። አቧራው አለ፣ ነፋሱም አለ። ዘንድሮ ከመቂ የሚመጣው ሽንኩርት ረክሷል፤ እኛም በልተንለታል። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

በታኅሣሥ የጻፍከው በመሐመድሰዒድ እጅ ደርሶኛል። ያ የጎረቤታችን ልጅ ተሳቢውን እየጎተተ በወር ሁለት ጊዜ ስለሚመላለስ ከፖስታ ቤቱ ይልቅ እሱ ይፈጥናል። ለትምህርት ብለህ እኔ ዘንድ የተውካት ልጅህ ተሻለች ለአውሮፕላን አብራሪነት የሚሰጠውን ፈተና ማለፏን፣ ሐኪሞቹም ዓይኗንና ልቧን አይተው ደኅና ናት ማለታቸውን ጽፈንልህ ነበር። ሃያ ዓመት ስላልሞላት የአባት ፊርማ ብቻ ቀረ። አንተም ቅጹን ሳትፈርምበት መለስከው። በጀርባው የጻፍከውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ «አባቴ በዓይናቸው አይተው የነገሩኝን አልረሳሁም። አብራሪ ባንዲራ እያየ እንኳ ይስታል። ልጄን ለሰማይ አልሰጥም» ይላል።

ተሹ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አላለቀሰችም። ቅጹን አጥፋ ከደብተሮቿ መሀል ከተተችና ምስር ልትለቅም ተቀመጠች። ለቅማ ከጨረሰች በኋላ ያንኑ ምስር ሰፌዱ ላይ ገልብጣ እንደገና ከመጀመሪያው ለቀመችው። እኔ ደጃፉ ላይ ሆኜ አየኋት። ይህን ለመጻፍ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው።

አሁን የምነግርህን ለእናትህም ሳልነግራት ነው የሞተችብኝ። በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ከአዋሽ ማዶ ባለው የጥጥ እርሻ ባንዲራ ያዥ እንደነበርኩ ታስታውሳለህ። ትንሿ አውሮፕላን የትል መድኃኒት እየረጨች ዝቅ ብላ ትመጣለች፤ እኔ በማሳው ጫፍ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት ረጅም ዘንግ ይዤ እቆማለሁ። አብራሪው መስመሩን የሚያውቀው በኔ ባንዲራ ነው። ካለፈች በኋላ ወደ ጎን ሃያ እርምጃ ቆጥሬ እንደገና እቆማለሁ። ፊደል ባላውቅ ቁጥር አውቅ ነበር፤ ኩራቴም እሱ ነበር።

አንድ ቀን ጧት ፈዬራ በማሳው ዳር መጣ። ከማሳው አጠገብ ባሉት ግራሮች ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ባለንብ ነው፤ አንተም ማሩን ቀምሰሃል። «አከም ቡልቴ» አለኝ። እንዴት አደርክ ላለህ ሰው ጀርባህን አትሰጥም። ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ላሞቹን፣ ዝናቡን ጠየቅኩት፤ እሱም እንዲሁ ጠየቀኝ። አፌ ሰላም ይላል፣ እግሬ ይራመዳል። እሱ ሲሄድ ቁጥሩ ጠፋኝ። አሥራ ሁለት ይሁን ሠላሳ አላውቅም። አውሮፕላኗ ዞራ እየመጣች ነበር። ባንዲራውን መሬት ላይ ባስተኛው ኖሮ ምልክቱ አትርጭ፣ አንዴ ዙር ማለት ነበር። ነገር ግን ባንዲራ ያዡ አብተው ቁጥር ጠፋበት ተብሎ በሠራተኛው ሁሉ አፍ መግባቱ ሞት ሆነብኝ። ዘንጌን ከፍ አድርጌ በግምት ቆምኩ። መድኃኒቱ ግራሮቹ ላይ ወረደ።

በማግስቱ የፈዬራ ንቦች በየቀፎው ሥር እንደ ጥቁር አዝሙድ ተደፍተው ተገኙ።

አብራሪው ካፒቴን ኃይለየሱስ ይባላል፤ ዝምተኛ ሰው ነበር። እኔ ባንዲራው ባለበት ነው የረጨሁት ብሎ ተናገረ። የእርሻው ሹም እኔን አስጠራኝ። ባንዲራዬ ከቦታው ንቅንቅ አላለም አልኩ። ጸሐፊው ጻፈው፤ እኔም አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩበት። ካፒቴኑን ከዚያ ሥራ አነሱት። የሄደ ቀን በአጠገቤ ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳኝ እንጂ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንተ የአብራሪነቱን ቅጽ ይዘህ የመጣኸው በዚያው ወር ነው። አባዬ፣ ጣትዎን ብቻ ያሳርፉልኝ አልከኝ። እኔም አብራሪ ባንዲራ እያየ ይስታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ አልኩህ። ሐዲስ፣ እኔን አውሮፕላን አላስፈራኝም። የፈራሁት እነ ካፒቴን ኃይለየሱስ ያሉበት ሰፈር ገብተህ ነገሩን ከአንደበቱ እንዳትሰማው ነው። ለሐሰት የሰጠሁትን አውራ ጣት ለልጄ ከለከልኩ።

ዓመት ሳይሞላ አሰብ ወርደህ ክሬን ላይ ወጣህ። መሐመድሰዒድ እንዳጫወተኝ ከመርከቡ በላይ ከፍ ብለህ ትቀመጣለህ፤ ጓደኞችህ ምሳ ሲወርዱም አንተ እዚያው ትቀራለህ አሉ።

ላንተ ከመጻፌ በፊት ባለንቡ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። ፈዬራ አሁን ቆቃ ልጁ ቤት ነው ያለው። ባለፈው ማክሰኞ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ ተሹ ልከተልዎ ብትለኝ እምቢ አልኳት። ከዚያ ጉድ ወዲህ ፈዬራ ባገኘሁት ቁጥር ከሩቅ እጁን ብቻ አንሥቶ ነበር የሚያልፈኝ። ቂም ነው ብዬ ሃያ አራት ዓመት ስሸሸው ኖሬያለሁ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። «አውቃለሁ እኮ አብተው» አለኝ። «ስትቆጥር እያየሁህ ሰላም ያልኩህ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራ የያዘ ሰው ሳይ እጄን ብቻ ነው የማነሣው።» ታዲያ ለምን አልተናገርክም ስለው፣ ማን ጠየቀኝ አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁን ሳይጨርስ ግን፣ «እኔና አንተስ ተገናኘን፤ ያ አብራሪስ?» አለ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ወለምታ አሰብ ድረስ ሄዶ፣ ሃያ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በልጅህ ቅጽ ጀርባ ላይ ተጽፎ መጣ። ያደረስኩት እኔ ነኝና የማነሣውም እኔ ነኝ።

ሌላም የሚያሰጋህ እንዳለ ይገባኛል፤ በዚህ ዘመን ልጅ ያለው ሁሉ የሚያስበውን ታስባለህ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። የወታደር አይደለም፤ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው፣ ሰብል የሚረጨው ነው። ማስታወቂያው በትምህርት ቤቱ በር ሲለጠፍ ሰልፍ የሚያህል ወጣት ቆሞ አነበበው፤ የተመዘገቡት ግን ሰባት ናቸው። የቀሩትን ወላጆቻቸው ያዟቸው። እኔም በእድራችን ስብሰባ ተነሥቼ፣ ልጆቻችሁን ፍሬኑ ለማይታመን መኪና ረዳት አድርጋችሁ በአሰብ ቁልቁለት ትለቃላችሁ፤ ሰማይ ላይ ገደል የለም፤ አእምሮ ያለውን ልጅ አትያዙ ብዬ ተናገርኩ። የእድራችን ዳኛ ሰንበታ፣ «ጋሼ፣ ገደሉስ የለም፤ መሬቱ ግን ከታች ይጠብቃል» ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። ስንወጣ ግን ሁለት አባቶች አጥሩ ጥግ ጠብቀውኝ፣ ቅጹ የት ነው የሚገኘው ብለው በለሆሳስ ጠየቁኝ።

ለልጅህ ደግሞ እኔ ምስክር ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ስሳሳት አልፋኝ አታውቅም፤ «ከመጀመሪያው እንጀምር አባባ» ነበር የምትለኝ። እኔ ተቆጥቼ ዘንጌን ይዤ ስወጣ እስክመለስ ድረስ ገጹን ገልጣ ትጠብቀኛለች። ቁጥር ቢጠፋባት አንድ ብላ ለመጀመር የማታፍር ልጅ ናት። እኔ ከአብራሪነቱ የማውቀው ከታች ያለውን ነው፤ ከታች ሆኖ ያየ ሰው ግን ለዚያ ሥራ ምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል። እኔን የጎደለኝ ያ ነበር። እሷን አይጎድላትም።

ቅጹን በዚሁ ፖስታ ውስጥ መልሼልሃለሁ። በዋስ ቦታ ላይ ፈርሜያለሁ፤ በብዕር ነው፣ በጣቴ አይደለም። ቀለሙ ትንሽ ፈሷል፤ ቢሆንም ይነበባል። መሐመድሰዒድ ዕቃ እስኪጭን አሰብ ሁለት ቀን ያድራል፤ ሲመለስ ይቀበልሃል። መዝገቡ የሚዘጋው የካቲት ሠላሳ ነው። አሁንም አልፈርምም ካልክ አባቷ ነህ፤ አላስገድድህም። ግን የራስህን ምክንያት ፈልግ። የኔን ምክንያት መልሼ ወስጃለሁ።

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ፤ ያለብኝንም አብሬ እጽፈዋለሁ። ለዘርፉ፣ ልጄን አሰብ ያስቀረሽብኝ አንቺ ነሽ ብዬ የተናገርኳት አለ፤ ያስቀረሁህ እኔ ነኝና ለፋሲካ ስትመጡ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ለትንሿ ሸዋወርቅ፣ ከወንጂ የሸንኮራ አገዳ አመጣልሻለሁ ያልኳት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ራሴ ሄጄ መርጬ እቆርጥላታለሁ። ለፈዬራ ሁለት ቀፎ እሠራለሁ፤ ሸምበቆውን ቆርጬ ግቢ አስገብቼዋለሁ፣ ማንም እንዳያግዘኝ። ለካፒቴን ኃይለየሱስ፣ በሕይወት ካለ ተሹ ጠያይቃ ያለበትን ታገኝልኛለች፤ ደብዳቤውን ግን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ለእርሻውም ያን የፈረምኩትን ሐሰት ነው ብዬ እጽፋለሁ።

ላንተ ያለብኝ አንድ የአውራ ጣት አሻራ ነው። ከስሜ በታች አትሜዋለሁ። መፈረም አቅቶኝ አይደለም፤ የዚያን ጊዜው ነው።

ናዝሬት፣ ጥር 24 ቀን 1978 ዓ.ም.
አባትህ አብተው፣ በገዛ እጄ