የማያማቸው እግር

ኅዳር 9፣ ሰኞ፣ ከሱብሂ በኋላ

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜአለሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አባባ ሰይድ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ለሱብሂ ሶላት ውዱእ እያደረጉ ነው። ፊታቸውን ጨረሱ፣ ክንዳቸውን ጨረሱ፣ እግር ላይ ስንደርስ ውኃው አለቀ። ሮጬ ከምድጃው የፈላውን ቀዳሁ። ቀዝቃዛ መቀላቀል ረሳሁ። ረሳሁ በቃ፣ ምን ልበልህ ደብተሬ! አፈሰስኩት። ፍንጣሪው ጣቴን ሲነካኝ ዘልዬ ማንቆርቆሪያውን ጣልኩት። እሳቸውስ? ምንም። ዱአቸውን ያነበንባሉ። ምነው፣ እባብ አየህ እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

እግራቸው ግን ይጨሳል። ያ አላህ!

የሚስቴ የዘሃራ አባት ናቸው። እሷ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ስኳር ሲገኝባቸው ከወግዲ ገጠር አምጥታ፣ አደራ፣ ካንተ ሌላ የለኝም ብላኝ ሄደች። አደራዋን በገዛ እጄ ቀቀልኩት።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ውስጥ እግራቸው ውኃ ቋጥሯል፣ አውራ ጣታቸው ተልጧል። ጤ/ጣቢያ ወሰድኳቸው። በእግሬ እሄዳለሁ ብለው፣ በዚያ እግር! ባጃጅ ውስጥ በግድ ከተትኳቸው።

ሲስተሯ ልጅ ናት፣ ሥራዋን አክባሪ። መሬት ላይ ተንበርክካ በቀጭን ክር መሳይ ነገር እግራቸውን እየነካካች ይሰማዎታል ትላለች። አዎን ልጄ። እዚህስ? አዎን፣ አላህ ይስጥሽ። እዚህስ? አዎን፣ ውለጂ ክበጂ። ዓይናቸው ከእጇ አይነቀልም። አንዴ ክሩን አንሥታ ወደ ሌላው ጣት ስትሻገር፣ ገና ሳትነካ፣ አዎን አሉ። አየሁ። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁ። ሲስተሯ ስሜት አለው ብላ ጽፋ፣ ቅባት ሰጥታ፣ አብሽሩ ብላ ሸኘችን።

መንገድ ላይ ጠየቅኳቸው፤ እውነት ይሰማዎታል ወይ? የሰው ልጅ ተንበርክካ እግሬን ይዛ፣ የለም ብዬ ላሳፍራት ኖሯል አሉኝ። ተቆጡ እንኳ! እኔስ ለምን ዝም አልኩ? በሰው ፊት አማቴን ውሸታም ማድረግ ከበደኝ። ሁለት ጨዋዎች ተገናኝተን አንድ እግር ልንጨርስ ነው።

ኅዳር 13፣ ዓርብ፣ ከጁምአ መልስ

ዘሃራ በቪዲዮ ደወለች። አባቷ ከመደወሏ በፊት እንዳልነግራት አስማሉኝ። ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ እዚያ ለመድረስ ያየችውን መከራ ታውቃለህ አሉ። ማልኩ። ስልኩን ፊታቸው ላይ ብቻ ያዝኩ፤ ከወገብ በታች እንዳይታይ እጄ እስኪደነዝዝ። እግርህስ አባ ስትላቸው፣ እንደ ጎረምሳ ነው፣ አልሐምዱሊላህ! እኔን ጠየቀችኝ። ደህና ናቸው አልኳት። አንተስ? ደህና። አንቺስ? ደህና።

ሦስታችንም ደህና ነን። ጥሩ ነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ ክፍል ውስጥ የሰውነት ድንገተኛ ምላሽን (ሪፍሌክስን) ማስተማር ደረሰኝ። መጽሐፉ የሚለውን ታውቀዋለህ፤ ጣት እሳት ይነካል፣ ነርቭ ይናገራል፣ አንጎል ሳይሰማ እጅ ይሸሻል። ጠመኔ ይዤ ቀዘቀዝኩ። ስንት ዓመት ሙሉ የጮኽኩበት ትምህርት፣ ለካ የሰው ስም አልነበረውም።

እንደምንም ጨረስኩ። ገባችሁ? አዎ ቲቸር! ጣሪያው እስኪነቃነቅ። ያልገባው እጁን ያውጣ። ማንም። ዛሬ ግን ያ አዎ ጆሮዬን ወጋኝ። ስም ሳትጽፉ ያልገባችሁን ብጣሽ ወረቀት ላይ ስጡኝ አልኳቸው። ቢሮ ወስጄ አነበብኩ። ነርቭ ምንድን ነው። ቲቸር ሲፈጥኑ እንጠፋለን። አንዱማ፣ ከመስከረም ጀምሮ አልገባኝም! ባለፈው ር/መምህሩ ገብቶ አይቶኝ፣ ጥሩ ነው ቀጥልበት ነበር ያለኝ። እኔም ቀጠልኩበታ።

ሳቅሁ መጀመሪያ። ከዚያ ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከየት ልጀምርላቸው?

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ሽታ አለው። ቤት ስገባ አፍንጫዬን ይመታኛል። አውራ ጣታቸው ጠቁሯል። እሳቸው በደንብ ይበላሉ፣ ከጎረቤት ጋር ይጫወታሉ። ማታ ማታ ተነሥቼ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ።

ዘሃራ ደወለች። ድምፅህ ምን ሆኗል አለች። ጉንፋን ነው አልኳት። ዝንጅብል ጠጣ አለችኝ። ምስኪን! ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል ካንተ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ሄድን። ዶ/ሩ ጨርቁን ሲፈታ ፊቱ ተለወጠ። አጥንት ነክቷል፣ ደሴ ውሰዷቸው፣ ሳይቆረጥ አይቀርም፣ ከቆያችሁ ከዚህም በላይ ይሄዳል አለ። ለእኔ በሹክሹክታ። ለምን በሹክሹክታ? እግሩ የማን ነው?

ለአባባ ራሴ ነገርኳቸው። ከዚያ ጠየቁኝ፤ ሳያመኝ ለምን ይቆረጣል? በሬ እንኳ የሚታረደው ለሥጋው ነው፣ ይሄስ... ብለው ተዉት። የማያምዎት ስለሆነ ነው የሚቆረጠው ልበላቸው? ይህ እንኳን ለእሳቸው ለእኔም አልገባኝ። አልሄድም አሉ። በቃ አልሄድም። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ጎረቤት አስገባሁ። ዘሃራ ብትሰማ በአንድ ቃል ታስኬዳቸው ነበር፣ እንዳልነግራት ደግሞ ምያለሁ። እጄ ታስሯል።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ዛሬ እልህ ያዘኝ። አባባ፣ እንወራረድ አልኳቸው። ዓይንዎን በሻሽዎ ልሸፍን፣ በመጥረጊያ ስንጥር ልንካዎ፣ የተሰማዎት ጊዜ ይበሉ። ከተሰማዎት ደሴ አልልዎትም፣ ወላሂ። ሳቁ። ትሸነፋለህ አሉ። ሻሹን ራሳቸው አጥብቀው አሰሩ፤ ማጭበርበር አይወዱም፣ የሲስተሯም ሰው ላለማሳፈር ነበር።

ጀመርኩ። አውራ ጣት፣ ዝም። ሌሎቹ ጣቶች፣ ዝም። ጠበቅ አደረግሁ። ተረከዝ፣ ዝም። ቁርጭምጭሚት። እባክዎ አባባ፣ በአላህ፣ አንዴ አዎን ይበሉ፣ ይዋሹኝ እንኳ! በልቤ ነው። ወደ ቅልጥማቸው ወጣሁ። ፊታቸው ፈገግ እንዳለ ነው፣ እንደሚጠብቅ ሰው።

ጀመርክ እንዴ? አሉኝ።

ግማሽ ቅልጥም ደርሼ ነበር። ሻሹን ፈቱ። ስንጥሩ ያለበትን አዩ። እጃቸውን ሰደው ስንጥሩን ከእጄ ወሰዱ፣ ራሳቸው እግራቸውን ወጉ፣ ደም ወጣ። አዩት ደሙን። የማን እግር ነው ይሄ አሉ፣ በቀስታ። እግራቸውን አቅፌ አለቀስኩ። እሳቸው ራሴን ይዳብሳሉ።

ኅዳር 27፣ ዓርብ፣ ጠዋት 12፡30፣ መናኸሪያ

የደሴው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል። አባባ መስኮት ጋ ናቸው፣ እግራቸው በጋቢ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ። አንተን፣ ደብተሬ፣ እላዩ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ከበደኝ እንኳ አይሉም። የት ድረስ እንደሚቆርጡ አላውቅም። ከዚያ በኋላስ? እሱንም አላውቅም። ክፍሉን ማን እንደሚይዝልኝ እንኳ ለር/መምህሩ አልተናገርኩም።

ስልኩ ጮኸ። ዘሃራ። በቪዲዮ ነው፤ ሰዓቷ አይደለም፣ ምን አስነሣት? አባባን አየኋቸው። መሐላህን ፈትቼልሃለሁ አሉኝ። አንተ ንገራት፣ እኔ ከጀመርኩ ደህና ነኝ ማለቴ አይቀርም አሉ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። በሩቅ አገር፣ ሰው ቤት፣ ብቻዋን ስትሰማው ማን ይይዛታል?

አባባ ጋቢውን ከእግራቸው ላይ በራሳቸው እጅ እየፈቱ ነው፣ እንድታይ። ስልኩ አሁንም ይጮኻል። ላነሣው ነው።