በልጅሽ ስም የተገኘሽው

አሶሳ፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ኢኽላስ፤

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልንገርሽ። የልጅሽን ስም ከተወለደ ጀምሮ አውቀው ነበር።

ነጋዴው ኻሚስ ከድንበሩ ከተማ ከኩርሙክ መጥቶ ለአባትሽ የምሥራቹን ሲነግረው እኔ ከአጥሩ ጀርባ ልብስ አሰጣ ነበር። ስሙን በደንብ ሰማሁት። ከዚያ ወጥቼ በጎረቤት ፊት፣ «ሳታስፈቅደን ያገባች ልጅ የወለደችውን ስሙን አትንገሩኝ» አልኩ። ይህንንም ሰው ወስዶ አደረሰልሽ። አባትሽ ታሞ በተኛ ጊዜ፣ «ብኸይታ፣ አንድ ጊዜ ስሙን ጥሪውና ልስማ» ቢለኝ ፊቴን አዞርኩበት። እሱ ካረፈ በኋላ ግን ብቻዬን ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም፣ ያንን ስም በአፌ ውስጥ እለው ነበር።

የሱዳኑ ጦርነት ወደምትኖሩበት ወደ ደማዚን ተጠጋ ሲባል ስልክሽ ጠፋ። የእኛን አንዱን ክፍል የተከራየች እስከዳር የምትባል ልጅ አለች፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የኮምፒውተር መምህርት። አላህ ይስጣት፣ ሳልጠይቃት ነው የጀመረችው።

«እማማ ብኸይታ፣ የጠፋ ዘመዱን የሚፈልግ ሁሉ በየኢንተርኔቱ ገጽ እየለጠፈ ነው። በእጅ አይዘለቅም፣ ፕሮግራም ልጻፍለት» አለችኝ። ገጾቹ ለፕሮግራም የሚከፍቱት በር አለ፤ ኤፒአይ ይሉታል። የሃሽታግ ስም ከሰጡት፣ ያ ሃሽታግ ያለበትን ፎቶና ጽሑፍ ያመጣል። ሃሽታግ ማለት ያቺ የመስኮት ፍርግርግ የምትመስል ምልክት ከፊቷ ያለባት ቃል ናት።

አብሯት የሚያስተምረው ምንያህል ግን በአጠያየቁ ከእሷ ጋር አልተስማማም።

«ብዙ ሰው የወደደውን አምጣ በይው። እሱ አይጠፋም።»

«የተፈናቀለ ሰው ፎቶ ማን ይወዳል? ዘፋኝ መሰለህ እንዴ? የቅርቡን ነው የምጠይቀው።»

«የቅርቡ የአንድ ቀን ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ያ ቀን አመለጠሽ።»

«መብራት ሲጠፋማ አንተ አለህ! ላፕቶፔን በሞተር ሳይክልህ ጀነሬተር ወዳለበት ታደርሳለህ።»

«ሹፌር አደረግሽኝ በቃ» እያለ አጉረመረመ፤ ግን በየጊዜው አደረሰላት። ስሙን በዱዓሽ አትርሺው።

በሩ ደግሞ ገደብ አለው። በሳምንት የሚፈቅደው ሃሽታግ ጥቂት ነው፤ አንዴ የገባውም ሳምንቱ ሳያልቅ አይለወጥም። ስለዚህ በማን ስም እንደምትፈለጊ እንድመርጥ ጠየቀችኝ። ስምሽን፣ የአባትሽን፣ የባልሽን የዓብዱልላጢፍን፣ የሰፈራችሁን ሰጠኋት። በአረብኛም አስጻፈችልኝ። የመጣው የኳስ ጨዋታና የሌላ ኢኽላስ ሰርግ ነበር።

«አንድ ቦታ ቀርቶናል» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለመሆኑ እዚያ ሰዎች ምን ብለው ነው የሚጠሯት?»

በእኛ ዘንድ የወለደች ሴት ለማታውቀው ወንድ የራሷን ስም እንደማትሰጥ፣ በበኩር ልጇ እንደምትጠራ እኔ አጣሁት? ግን አልሰማም ያልኩትን ስም በማን ፊት ላውጣው? ያን ቀን ሳልናገር መሸ። አንቺ በየት ሜዳ እንዳለሽ ሳላውቅ ለኩራቴ ቀን ጨመርኩለት። በማግስቱ ጠዋት በሯን አንኳኳሁ።

«ሙርሳል። ኡም ሙርሳል፣ የሙርሳል እናት ብለሽ ፈልጊ።»

«ውይ እማማ! ይህን እስከዛሬ የት ደብቀውት ነው?»

«ረስቼው» ብዬ ዋሸኋት።

ብዙም ሳይቆይ ፎቶው መጣ። ከድንበር ለሚገቡት ውሃ የሚያድል አንድ ወጣት ኩርሙክ ላይ አንስቶ የለጠፈው ነው። አንቺ ጆንያ ላይ ተቀምጠሻል፣ ልጁ ጉልበትሽ ላይ። ግንባሩ የአባትሽ ነው። ከሥሩ ኡም ሙርሳል የሚል ሃሽታግ ብቻ አለ። ስምሽ የለም። እስከዳር እልል አለች፣ እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ኻሚስ እዚያው ድረስ ሄዶ አገኘሽና ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ እስከዳርም እንድትሰማ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ነገረን።

«ኢኽላስ አለ፣ ደህና ነው። ባልም ደህና ነው። ግን አሶሳ አልሄድም ይላል። ‹እናቴ ስሙን አልሰማም ብሏል፣ ልጄን ምን ብዬ እዚያ ቤት አስገባለሁ› ይላል።»

ልክ ነሽ ልጄ። አልቀየምሽም።

ዛሬ በልቤ ያለው ግን ምስጋና ነው። አላህ በሕይወት አቆየሽ። የባዳ ልጅ የሆነችው እስከዳር ዓይኗ እስኪቀላ ፈለገችሽ። አንቺ ትተሻቸው የሄድሽው የአማርኛ መጻሕፍትም ፊደል አስቆጠሩኝ፤ እነሱ ባይኖሩ ይህን በራሴ እጅ አልጽፍልሽም ነበር። በስልክ ልንገርሽ ብል አፌ ይያዛል።

የአባትሽን ክፍል ለስኜዋለሁ። ማንጎው አፍርቷል፤ የታችኛው ቅርንጫፍ ለልጅ ቁመት ይደርሳል። ዓብዱልላጢፍንም ሰላም በይልኝ፤ በእንግድነት ሳይሆን በልጅነት ይግባ። አላህ መንገዳችሁን ያቅና፣ ከክፉ ይሰውራችሁ።

ይህን የሚያመጣልሽ የጭነት መኪና ሹፌሩ ጁምዓ ነው። «ለማን ብዬ ልስጥ?» ሲለኝ በጎረቤት ሁሉ ፊት ጮክ ብዬ ነገርኩት፤ በፖስታውም ላይ እንዲሁ ጽፌዋለሁ።

እናትሽ ብኸይታ

ይድረስ ለኡም ሙርሳል፤ ኩርሙክ